ስለ ኃይል ሰጭ መጠጥና ስለ ሌሊት ትጋት

በዘመናችን በወጣቶች እጅ አዘውትረው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ «ኢነርጂ» እየተባለ የሚጠራው፣ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ኃይል ሰጭ መጠጥ ነው። በየሱቁ፣ በየአውቶቡስ መነሻው፣ በየነዳጅ ማደያው ይገኛል። ተማሪው ለፈተና ሲያጠና፣ ሠራተኛው ሌሊት ሲሠራ፣ መኪና ነጂው ረዥም መንገድ ሲሄድ ይጠጣዋል። ይህ የዓለም ነገር ነውና እኛን አይመለከተንም እንዳንል፣ መጠጡ ከገዳም ቅጥር ውስጥ ከገባ ቈይቷል። በዐቢይ ጾም፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ይልቁንም በቀዳም ሥዑር ሌሊት፣ ባዶው ቆርቆሮ ከተሳላሚው ጓዝ አጠገብና ከተማሪው መኝታ ራስጌ ተጥሎ ይታያል። እንግዲህ ነገሩ የእኛም ነገር ሆኗልና በዚህ መጽሔት ላይ ጥቂት ሐሳብ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ደክሞት መበርታት የፈለገውን ወንድም ወይም እኅት ለመንቀፍ አይደለም። ድካም ኀጢአት አይደለም፤ ድካምን ለማስታገስ መሻትም የሰው ጠባይ ነው። ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ይህ መጠጥ እንደ ስሙ ኃይልን የሚሰጥ ሳይሆን ንቃትን የሚያበድር መሆኑን፣ ብድሩንም የሚከፍለው የጠጪው ሰውነት መሆኑን፣ በጾምና በሌሊት ትጋት ጊዜ ደግሞ ይህ ብድር ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚከብድ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መጠጡ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በጃፓን አገር ሊፖቪታን የተባለ፣ ታውሪንና ቪታሚን ያለበት የብርታት መጠጥ በትንሽ ጠርሙስ ተሞልቶ መሸጥ የጀመረው በ1962 ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ቻሊዮ ዩቪዲያ የተባለ የታይላንድ ሰው ክራቲንግ ዴንግ የተባለውን መጠጥ አወጣ፤ መጠጡም በጭነት መኪና ነጂዎችና በጉልበት ሠራተኞች ዘንድ ተወደደ። ኋላም ዲትሪክ ማትሺትዝ የተባለ የኦስትሪያ ነጋዴ ይህን መጠጥ አይቶ ከታይላንዳዊው ጋር በ1984 ማኅበር መሠረተ። በ1987 መጠጡ ለአውሮፓውያን ጣዕም ተስተካክሎ ሬድ ቡል በሚል ስም በኦስትሪያ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1997 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ኩባንያዎች በዚሁ ንግድ ተሰማርተዋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናስተውላለን። መጀመሪያ የላብ አደሩና የመኪና ነጂው መጠጥ የነበረው ነገር ከስፖርት፣ ከሙዚቃና ከጨዋታ ጋር ተያይዞ እየተነገረለት የወጣቶች መጠጥ ሆነ። ማስታወቂያው ከእውነቱ ይበልጣል ብለው በአሜሪካ የከሰሱ ገዢዎችም ነበሩ። የሬድ ቡል ኩባንያ በ2014 ክርክሩን ለመጨረስ 13 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ አጥፍቻለሁ ብሎ ግን አላመነም።

በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በተለመደው የ250 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ውስጥ 80 ሚሊግራም ካፌይንና 27 ግራም ስኳር፣ እንዲሁም ታውሪንና ልዩ ልዩ የ«ቢ» ቪታሚኖች ይገኛሉ። የግማሽ ሊትሩ ቆርቆሮ የዚህን እጥፍ ይይዛል፤ ይኸውም 160 ሚሊግራም ካፌይን ማለት ነው። 27 ግራም ስኳር ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረውን ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ቢወስነው ለጤናው የተሻለ እንደሚሆን ገልጿል። ስለዚህ አንዱ ትንሽ ቆርቆሮ ብቻውን የቀኑን ልክ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ ስኳር የሚገኘው ጉልበት ግን ከአንድ ቍራሽ ዳቦ ከሚገኘው የሚበልጥ አይደለም። ስኳር የሌለበት ዐይነትም አለ፤ በዚህኛው ውስጥ ጠጪው ነቅቻለሁ የሚለው በካፌይኑ ብቻ ነው።

የካፌይን አሠራር እንዲህ ነው። ሰው ነቅቶ በዋለ ቍጥር በአንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ይህም ንጥረ ነገር በተወሰነለት ቦታ ሲያርፍ «ደክመሃል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ካፌይን ወደ አንጎል ሲገባ የአዴኖሲንን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ መልእክቱም ሳይደርስ ይቀራል። እንግዲህ ድካሙ አልጠፋም፤ ድካሙን የሚናገረው ድምፅ ታፈነ እንጂ። የደወልን ምላስ በጨርቅ የጠቀለለ ሰው ድምፁን ያስቀረዋል፤ ሰዓቱን ግን አይመልሰውም። ካፌይኑ ሲያልቅ የተጠራቀመው ድካም ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ብድር ያልነውም ስለዚህ ነው።

የካፌይኑ ማለቅ ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት ፈጣን አይደለም። በጤናማ ጐልማሳ ሰውነት ውስጥ እኩሌታው እስኪወጣ ድረስ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ በ12 ሰዓት የግማሽ ሊትሩን ቆርቆሮ የጠጣ ተማሪ ከሌሊቱ በ5 ሰዓት ገና የአንድ ትንሽ ቆርቆሮ ካፌይን በደሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። በ2013 በታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታቸው ስድስት ሰዓት አስቀድመው የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ እንቅልፍ እንዳጡ ታይቷል። ለጕርምስና ዕድሜ በሌሊት ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ሐኪሞች ይመክራሉ። ተማሪው ሌሊት በቆርቆሮ ነቅቶ ያነበበውን ቀን በመጽሐፉ ላይ እያንቀላፋ ይረሳዋል፤ በነጋታው እንቅልፉን ለማባረር ሌላ ቆርቆሮ ይከፍታል። ያነበቡት ነገር በልብ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ መሆኑን ሊቃውንት ደርሰውበታልና፣ እንቅልፉን የሸጠ ተማሪ ትምህርቱንም አብሮ መሸጡ ነው።

የሚያሳስበው ግን እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም። ካፌይን ሲበዛ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ጭንቀትን ያመጣል፣ ሆድን ያውካል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በ2019 በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 40 ዓመት የሆኑ 34 ጤናማ ሰዎች አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኃይል ሰጭ መጠጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠጡ። በሌላ ቀን ደግሞ መሳዩን፣ ነገር ግን ካፌይንና ታውሪን የሌለበትን መጠጥ ጠጡ። ኃይል ሰጩን በጠጡበት ቀን፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ስንኳ፣ በልባቸው የኤሌክትሪክ ምት ላይ ለውጥ ታየ፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ አለ። ይህ ለውጥ ጤናማውን ሰው ሁሉ የሚጥል አይደለም። ነገር ግን ሳያውቀው የልብ ሕመም ያለበት ወጣት አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው አደጋው ቀላል አይደለም። በአሜሪካ አገር ከኃይል ሰጭ መጠጥ ጋር በተያያዘ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የተደረገው ምልልስ በ2007 ዓመት 10,068 ነበረ፤ በ2011 ግን 20,783 ደርሷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2011 እንዲህ ያለው መጠጥ በሕፃናትና በጎረምሶች ምግብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም ሲል አስታውቋል።

በእውነተኛ ሚዛን ለመናገር፣ ጤናማ ጐልማሳ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ቢጠጣ መርዝ ጠጣ አይባልም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 እንዳስታወቀው፣ ለጤናማ ጐልማሳ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ሚሊግራም፣ በአንድ ቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ሥጋት የለበትም። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን በቀን ከ200 እንዳያልፍ፣ ለልጆችና ለጎረምሶች ደግሞ ለአንድ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 3 ሚሊግራም ሊበቃ እንደሚገባ ተነግሯል። እንግዲህ 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ልኩ 120 ሚሊግራም ነው፤ አንዱ የግማሽ ሊትር ቆርቆሮ ይህን ያልፋል። በየገዳማቱና በየአጥቢያው ከሚያገለግሉት ዲያቆናት መካከል ስንቶቹ በዚህ ዕድሜና ክብደት እንደሚገኙ አንባቢ ራሱ ያስብ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቡናስ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሩንጌ የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1819 ካፌይንን ለይቶ ያወጣው ከቡና ፍሬ ነበር፤ ቡናም የአገራችን ፍሬ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን የነበሩ የእስልምና ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎታቸው ቡና ይጠጡ እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1511 በመካ ቡና እንዳይጠጣ ታግዶ እንደ ነበረም ተጽፏል። በአገራችንም ብዙዎች ካህናት ቡናን የእስላም መጠጥ ነው በማለት ለረዥም ዘመን ሲርቁት ኖረው፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ይህን አሳብ በመቃወማቸው ነገሩ እየቀለለ መጥቷል። ስለዚህ መጠጡ አዲስ ነውና፣ የባዕድ ነውና ይወገዝ የሚል ሐሳብ የለንም። ነገርን በስሙ ወይም በአገሩ ሳይሆን በሚያመጣው ፍሬ መመዘን ይገባል።

በፍሬው ሲመዘን ግን የቡናና የቆርቆሮው አጠጣጥ አንድ አይደለም። ቡና ትኩስ ነውና ቀስ ተብሎ በትንሽ ሲኒ ይጠጣል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው በመካከላቸው ጊዜ አላቸው። ቡና ብዙውን ጊዜ ከሰው ጋር ይጠጣል፤ «ይበቃሃል» የሚል ጎረቤትም አይጠፋም። ቆርቆሮው ግን ቀዝቃዛና ጣፋጭ ስለ ሆነ ግማሽ ሊትሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ጠጪውም ብቻውን ነው፤ ልኩን የሚነግረው የለም። ቡናም ቢሆን ያለ ልክ ሲጠጣ ያው ካፌይን ነውና ከዚህ ምክር ነጻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በጾም ወራት ይህን መጠጥ የሚጠጡ ወንድሞች «ሥጋ የለበት፣ ወተት የለበት፤ ጾም ነው» ይላሉ። ታውሪን ከበሬ የሚወጣ ነው እያሉ የሚጠራጠሩም አሉ። ይህ ጥርጣሬ ምንጭ የሌለው አይደለም፤ በ1827 ታውሪን መጀመሪያ የተገኘው ከበሬ ሐሞት ነው፤ ስሙም በሬ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ዛሬ ግን ለመጠጥ የሚውለው ታውሪን በፋብሪካ የሚቀመም ስለ ሆነ በዚህ በኩል ያለው ክርክር ብዙ አያራምድም። ክርክሩን ከዚህ ላይ ማቆምም ስሕተት ነው። የጾም ሥርዐት ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከቆርቆሮው ጋር ጠብ ባልኖረን ነበር። ነገር ግን ጾም ሰው የሥጋውን ድካም አውቆ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆምበት ነው። ረኃቡ እንዲሰማው፣ ድካሙ እንዲሰማው፣ ተሰምቶትም እንዲጸልይ ነው። ይህን ስሜት በፋብሪካ ቅመም የሚያፍን ሰው የጾሙን ሕግ ፊደል ሲጠብቅ ትምህርቱን ያመልጠዋል።

ለሥጋም ቢሆን ጾም ለዚህ መጠጥ የማይስማማ ጊዜ ነው። በባዶ ሆድ የተጠጣ ካፌይን ምግብ ባለበት ሆድ ከተጠጣው ይልቅ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል። በፀሐይ ሲዞር ለዋለ ተሳላሚም ውኃን አይተካለትም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የአክፍሎት ነገር ነው። ከዓርብ ስቅለት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልና ውኃ ሳይቀምስ የሚቈይ ምእመን አለ። የዚህ ሰው ሆድ ባዶ ነው፤ ውኃውም ጐድሏል፤ እንቅልፍም አላገኘም። ቅዳሴው እንዳለቀ መጀመሪያ ወደ አፉ የሚያገባው ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ከሆነ፣ በደከመው ልብና በባዶው ሆድ ላይ ሰባት ማንኪያ ስኳርና ካፌይን በአንድ ጊዜ ጫነበት ማለት ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለፋሲካ ጾም መፍቻ ተልባ አዘጋጅተው ሆድን ሳያስደነግጡ ማስጀመራቸው ከልምድ የተገኘ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ ለቆርቆሮ መለወጥ አይገባም።

ከዚህ ጋር አንድ ደግነት የሚመስል ጥፋት አለ። ወጣቶች በሌሊቱ አገልግሎት የደከሙ እናቶችን ሲያዩ፣ ከልባቸው አዝነው «እማማ፣ ይጠጡ፤ ያበረታዎታል» እያሉ ቆርቆሮውን ያቀርቡላቸዋል። እማማም የልጅ እጅ አልመልስም ብለው ይጠጣሉ። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ከሚመጡት እናቶችና አባቶች ብዙዎቹ ግን በዕድሜ የገፉ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም መድኀኒት የሚወስዱ ናቸው። ለእነርሱ ይህ መጠጥ የሚጐዳ እንጂ የሚጠቅም አይደለም። ለደከመች እናት የሚቀርበው ወንበር፣ ውኃ፣ ጥላና የሚደግፋት ክንድ ነው።

«ታዲያ ሌሊቱን በምን እንትጋ?» ለሚል ጠያቂ መልሱ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ውስጥ ይገኛል። አባቶች የሌሊት አገልግሎት የሥጋን ጉልበት እንደሚፈታተን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ስለ አወቁም መቋሚያን ሰጡ። መቋሚያ ድካምን አይሰውርም፤ የደከመውን ይደግፋል እንጂ። ማሕሌቱን በቀኝና በግራ ከፈሉት፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ተራው እስኪደርስ ትንፋሹን ይሰበስባል። ዜማው፣ ሽብሸባው፣ ጸናጽሉ ራሱ እንቅልፍን ያርቃል። የቆሎ ተማሪውም በጨረቃና በእሳት ብርሃን ቃለ እግዚአብሔር ሲያጠና ስንቁ በሶና ቆሎ ነበረ። ረኃብና ችግር አልነበረበትም አንልም፤ ነበረበት። ነገር ግን የበላው እህል ነበረ፤ ሲደክመውም ተኝቶ ይነሣ ነበር።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ስለዚህ የሚያስተምር ታሪክ አለ። በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈው፣ ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ተስፋ ቈርጦ ከክትክታ ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ ቀስቅሶ ያቀረበለት የተጋገረ እንጐቻና ውኃ ነው። ነቢዩ በልቶና ጠጥቶ እንደ ገና ተኛ፤ መልአኩም እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ መገበው። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ወደ ኮሬብ የሄደው በእንቅልፍና በእህል ውኃ ከተጠገነ በኋላ ነው። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጌቴሴማኒም ደቀ መዛሙርቱ በጸሎት ሰዓት እንቅልፍ ሲጥላቸው ጌታችን የሥጋን ድካም እንደሚያውቅ ገልጾ ወደ ጸሎት ጠራቸው፤ አልጣላቸውም። እንግዲህ በማሕሌት መካከል ያንቀላፋ ተማሪ እንደ ወንጀለኛ ሊፈራ አይገባውም። ከሚፈራው ይልቅ የሚያስፈራው፣ ተግሣጽን ሽሽት ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮ እየከፈተ ልቡን የሚያደክመው ነው። ለዚህም ነገር እኛ ተማሪዎች ብቻ ሳንሆን የሚገሥጹን መምህራንና ታላላቅ ወንድሞችም ቢያስቡበት መልካም ነው።

መንግሥታትም በዚህ ነገር ዝም አላሉም። ሊቱዌንያ በ2014፣ ላትቪያ በ2016፣ ፖላንድ በ2024 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2014 ማስታወቂያውን አግዳለች፤ በትምህርትና በጤና ተቋሞችም እንዳይሸጥ ወስናለች። እርሷና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2017 የዋጋውን መቶ በመቶ የሚያህል ቀረጥ ጣሉበት። በእስራኤል ስኳር የበዛበት ምግብና መጠጥ ከ2020 ጀምሮ ቀይ ምልክት እንዲኖርበት ተደርጓል፤ በ2022 በጣፋጭ መጠጥ ላይ የተጣለው ቀረጥ ግን በ2023 ተነሥቷል። እንደምናየው የመንግሥት ሕግ ይወጣል፣ ይሻራልም። ሰው ለራሱና ለወንድሙ የሚያወጣው ሕግ ግን ከቀራጭ ፈቃድ ጋር አይነሣም፣ አይወድቅም።

ስለዚህ እኛ በበኩላችን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ዲያቆናትና ወጣቶች ይህን መጠጥ ፈጽሞ ባይጠጡ፤ ታላላቆቻቸውም ገዝተው ባይሰጧቸው።

ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የልብ፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ መድኀኒትም የሚወስዱ ሁሉ ቢርቁት፤ ጥርጥር ሲኖር ሐኪም ይጠየቅ። እነዚህ ወገኖች አክፍሎትን ከመያዛቸው በፊት ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጐልማሳ ሰው እጠጣለሁ ካለ ከአንድ ትንሽ ቆርቆሮ ባያልፍ፣ በባዶ ሆድ ባይጠጣው፣ ከቀትር በኋላ ባይጠጣው፣ ከአልኮል ጋርም ከቶ ባይቀላቅለው። የሁለቱ ቅልቅል ሰው መስከሩን እንዳያውቅ ያደርገዋልና።

አራተኛ፣ ተሳላሚዎችን በመኪና የሚያመላልሱ ነጂዎች ከሌሊት አገልግሎት በኋላ ሳይተኙ መሪ ባይጨብጡ። በቆርቆሮ የተበደረ ንቃት በጎዳና መካከል ሲያልቅ የሚጠፋው የነጂው ነፍስ ብቻ አይደለም። አንድ ሁለት ሰዓት ተኝቶ መነሣት ወይም ሌላ ነጂ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ በትምህርት ቤታችን ዐበይት በዓላት በሚዋሉበት ዋዜማ ከቀትር በኋላ ለተማሪዎች የመኝታ ሰዓት ቢወሰን፣ ፈተናም ሌሊት በተቆመበት ማግስት ባይደረግ። ለተሳላሚው ውኃና ዳቦ፣ ለትንሣኤም ሌሊት ተልባ በብዛት ቢዘጋጅ፣ ቆርቆሮውን ማንም ሳይከለክለው በራሱ ይቀራል።

ይህን መጠጥ ጠጥቶ ልቡ ያለ ሥርዐት የሚመታበት፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ራሱን የሚያዞረው ወይም የሚስት ሰው ቢገኝ «ይለፍለት» ተብሎ አይተው። በዚህ አገር አምቡላንስ የሚጠራበት ስልክ ቍጥር 101 ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተገኘ ብርታት በጥድፊያ ይለያል። እኛ ግን የተጠራነው ለአንድ ሌሊት አገልግሎት አይደለም። ዛሬ በኻያ ዓመቱ በማሕሌት የሚቆመው ወንድማችን በስድሳ ዓመቱም መቋሚያውን ይዞ እንዲቆም፣ ያጠናውንም ለሚከተለው ትውልድ እንዲያስተምር እንመኛለን። ለዚያ የሚያደርሰው ጤነኛ ልብ፣ በቂ እንቅልፍና ንጹሕ እህል ውኃ ነው። ይህን አውቀን ራሳችንንና እርስ በርሳችንን እንድንጠብቅ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።